ፕላኑ ከአዲስ አበባ፣ መሠረቱ ከቡታጅራ

ጊዜው የመስቀል ሰሞን ነው፤ ቦታው ቡታጅራ። ዕድሜውን መርካቶ በንግድ ያሳለፈ ሰው ገና አጥር ባልዞረበት ቦታ ላይ ከእህቱ ልጅ ጋር ቆሟል። ወልቂጤ ላይ አንድ ቤት ሠርቶ ጨርሷል፤ እዚህ ደግሞ ጂ+3 ሊጀምር ነው። እሷ ሲቪል መሐንዲስ ናት። በቦታው ላይ ሁለት ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ አንዱ በመንገዱ በኩል፣ አንዱ በጓሮ።

አጎት፦ በይ እንግዲህ፣ ፕላኑ ይኸውልሽ። ስትራክቸሩ አልቋል፣ ፌሮውም ተቆጥሯል። አዲስ አበባ ሳሪስ ለጓደኛዬ የተሠራው ሕንፃ ነው፤ አይተሽዋል። እሱን ራሱን እዚህ ማቆም ነው የቀረኝ።

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ ደረጃውንም ይውሰዱት፣ በረንዳውንም ይውሰዱት። ፉቲንጉን ግን እዚያው ሳሪስ ይተዉት።

አጎት፦ ለምን ሲባል? ሕንፃው ያው፣ ክብደቱም ያው።

መሐንዲሷ፦ ክብደቱማ ያው ነው፤ የተለየው ተሸካሚው ነው። እዚህ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አዩት? የመሬቱ የመሸከም አቅም 250 ኪሎ ፓስካል ይላል። ይቺን መስመር ባለቤቱም፣ ፎርማኑም አያነባትም። ሕንፃው በሙሉ የተሰላው ግን በእሷ ነው።

አጎት፦ እስቲ በሚገባኝ አድርገሽ ንገሪኝ።

መሐንዲሷ፦ መሀል ላይ ያለውን አንዱን ኮለን እንውሰድ። ከጎረቤቶቹ አምስት አምስት ሜትር ይርቃል፤ ስለዚህ በየፎቁ 25 ካሬ ሜትር ይሸከማል። ሶሌታው፣ ግድግዳው፣ ዕቃውና ሰዉ ሲደመር በካሬ ሜትር አንድ ቶን እንያዝ። ሦስት ፎቅና ጣሪያ ሲሆን ወደ 100 ቶን አንድ ኮለን እግር ሥር ይወርዳል። 250 ኪሎ ፓስካል ማለት አንድ ካሬ ሜትር መሬት 25 ቶን ይችላል ማለት ነው፤ ስለዚህ 2 በ2 የሆነ ፉቲንግ ይበቃል። ወረቀቱም ላይ ያለው እሱ ነው። ይህ የእርስዎ መሬት 10 ቶን ብቻ የሚችል ከሆነስ? ፉቲንጉ 3 ሜትር ከ20 በ3 ሜትር ከ20 ይሆናል። ፉቲንጎቹ ተቀራርበው ተቀራርበው የሕንፃውን ግማሽ ስፋት ሲይዙ ደግሞ ነጣጥሎ መቆፈሩ ትርጉም ያጣና ሁሉንም በአንድ ማት፣ በሕንፃው ሥር በሙሉ በሚዘረጋ ወጥ ኮንክሪት፣ ማሰር ይሻላል።

አጎት፦ ልጄ፣ ይህ እኮ የአባቶቻችን አገር ነው። አፈሩን እኛ ያላወቅነው ማን ሊያውቀው ነው? አባቴ ምሶሶውን ሲተክል መሐንዲስ አልጠራም። ያ ጎጆ እኔን አሳድጎ ልጆቼን አይቷል።

መሐንዲሷ፦ ጎጆውማ ግሩም ሥራ ነው። ቀላል ነው፣ እንጨቱ ይለመጣል፣ መሬቱ ቢነቃነቅ አብሮ ይነቃነቃል። ቆይ ግን፣ አያቴ መስቀል ሲደርስ ቤቱን ምን ታደርገው ነበር?

አጎት፦ ትለቀልቀዋለች። ጭቃና እበት ተቦክቶ፣ ቤቱ አዲስ ሆኖ ነው በዓሉ የሚገባው።

መሐንዲሷ፦ ዓመቱን ሙሉ ግድግዳው ላይ የወጣው ስንጥቅስ?

አጎት፦ እሱም አብሮ ይደፈናላ።

መሐንዲሷ፦ እንግዲህ አያቴ በየዓመቱ የምትጠግነው የመሬቱን ሥራ ነበር። መሬቱ በክረምት ይነሳል፣ በበጋ ይወርዳል፤ ጭቃው ይሰነጠቃል፣ እሷ ትለቀልቃለች። ማንም እንደ ብልሽት አይቆጥረውም። እኛ ያን ቤት አፍርሰን ብሎኬት ደረደርን። ብሎኬት ደግሞ አይለመጥም።

አጎት፦ ወደ ወልቂጤው ቤቴ ልትመጪ ነው። ገብቶኛል።

መሐንዲሷ፦ እርስዎ ካነሱት ልምጣ። ከመስኮቶቹ ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚወጣው ስንጥቅ አሁንም አለ?

አጎት፦ ሁለት ጊዜ አስለሰንኩት፤ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። የመኝታ ቤቱ በር በክረምት አይዘጋም፣ በበጋ ወለል ይላል። ግንበኛው ሲሚንቶ ሰርቆኛል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

መሐንዲሷ፦ ሲሚንቶ የተሰረቀበት ግድግዳ ይፈረፈራል እንጂ ወቅት ጠብቆ በር አይነክስም። ግንበኛውን ይተዉት። ቦታውን የገዙት መቼ ነበር?

አጎት፦ ለመስቀል ስሄድ ነዋ። ሁላችንስ የምንሄደው ያኔ አይደል?

መሐንዲሷ፦ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። መስከረም ላይ ዋልካ አፈር ክረምቱን ሙሉ ውኃ ጠጥቶ፣ አብጦ፣ ስንጥቁ ሁሉ ገጥሞ፣ ሣር ለብሶ ነው የሚጠብቅዎት። የሚያምር ሜዳ ይመስላል። ያንኑ ቦታ የካቲት ላይ ቢያዩት ግን ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይታይ ነበር። መሬቱ ያለምንም ምርመራ ራሱን በሚናገርበት ወር እኛ አዲስ አበባ ነን።

አጎት፦ ዋልካማ አውቃለሁ። በክረምት ጫማ የሚያወልቀው፣ ከወሊሶ በፊት በቾ ሜዳ ላይ ያለው።

መሐንዲሷ፦ እሱው ነው። በልምድ መረሬ የሚሉትም አሉ፤ ሳይት ላይ ደግሞ ብላክ ኮተን ይሉታል። ውስጡ ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን አለ፤ እንደ ደብተር ገጽ የተነባበረ ነው፣ ውኃ በገጾቹ መሀል እየገባ ይገፋቸዋል። ሲደርቅ ይሰበሰባል። አዲስ አበባም ቦሌና መካኒሳ አካባቢ ስንቱን አጥርና ስንቱን ቪላ ሰንጥቋል። በ1973 እ.ኤ.አ. ጆንስና ሆልትዝ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች የአገራቸውን ጉዳት አስልተው ነበር፤ የሚያብጥ አፈር በየዓመቱ 2.3 ቢሊዮን ዶላር ያህል ያወድማል፣ ይህም ጎርፍ፣ አውሎ ነፋስና የመሬት መንቀጥቀጥ በአንድነት ከሚያደርሱት ይበልጣል አሉ። ሰው አይገድልማ፤ ስለዚህ ዜና አይሆንም።

አጎት፦ እኔ እኮ ለዚያ ነው መሠረቱ ላይ ድንጋይ አብዙ ያልኩት። ሰፋ አድርገው ነው የገነቡልኝ።

መሐንዲሷ፦ ዋልካ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ደካማ መሬት ላይ መሠረት ሲሰፋ ጭነቱ ይበተናል፤ መልካም ነው። ዋልካ ግን የሚያስቸግረው ሲወርድ ብቻ አይደለም፣ ሲነሳም ነው። ከታች ወደ ላይ ይገፋል። መሠረቱን ባሰፉት መጠን በካሬ ሜትር የሚያርፈው ክብደት ይቀንሳል፣ አፈሩም እንደ ልቡ ያነሳዋል። ለዚህ ነው ባለ አምስት ፎቁ ጸንቶ ቆሞ ጎኑ ያለው ምድር ቤት ሰርቪስ የሚሰነጠቀው። ከሁሉ በላይ ቀላሉ የምድር ቤት ወለል ነው፤ ሴራሚኩ መሀል ላይ ጉብ ብሎ አላዩም?

አጎት፦ አይቻለሁ። እና ምን ይደረግ ነበር?

መሐንዲሷ፦ የዋልካው ውፍረት ሜትር ተኩል፣ ሁለት ሜትር ቢሆን ጠርጎ ማውጣትና በማያብጥ ገረጋንቲ መተካት ይቻላል፤ 20 ሳንቲ ሜትር፣ 20 ሳንቲ ሜትር እየተነጠፈ፣ ውኃ እየጠጣ፣ እየተጠቀጠቀ። ጥልቅ ከሆነ ደግሞ ፉቲንጉ ክረምትና በጋ ከማይፈራረቁበት ጥልቀት መድረስ አለበት፤ የግድግዳው ቢምም አፈሩን ሳይነካ፣ ከሥሩ ክፍተት ተትቶለት ከኮለን ወደ ኮለን ይዘረጋል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ገረጋንቲ ስለተሞላ ብቻ የዳኑ የሚመስላቸው አሉ። ዙሪያው ሁሉ ዋልካ ሆኖ ጉድጓዱን ውኃ በሚያሳልፍ ጠጠር ከሞሉት ኩሬ ሠሩ ማለት ነው፤ የክረምቱ ውኃ ይወርድና መውጫ ያጣል። በእርስዎ ቤት ደግሞ የአሸንዳው ውኃ በቀጥታ ግድግዳው ሥር ነው የሚፈሰው።

አጎት፦ አሸንዳው?

መሐንዲሷ፦ አሸንዳው፣ ሴፕቲክ ታንኩ፣ በአጥሩ በኩል የተተከለው ባህር ዛፍ። አንዱ ጥግ ዓመቱን ሙሉ ይረጥባል፤ ባህር ዛፉ ያለበት ጥግ ደግሞ ተመጥጦ ይደርቃል። ቤቱ በአንድ ወገን ሲነሳ በሌላው ይቀመጣል። ውኃውን ከቤቱ አርቀው በቱቦ ይውሰዱት፣ ዙሪያውን በሰፊው ወደ ውጭ አዘንብለው ያስነጥፉት፣ ዛፉን ያስቆርጡት። ስንጥቁን ከማስለሰን ይህ ይቀድማል። ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ግን ደርቆ የነበረው አፈር ውኃ ሲያገኝ ስለሚነሳ፣ ልስኑን ቢያንስ አንድ ክረምት ያቆዩት።

አጎት፦ ወልቂጤ እንዲህ ከሆነማ ቦታ መግዛት ይቅር።

መሐንዲሷ፦ ወልቂጤ ሁሉ ዋልካ አይደለም። ተዳፋቱ ላይ ቀይ አፈር አለ፤ እሱ ጠባዩ ሌላ ነው፣ ውኃ ያሳልፋል፣ እንደ ዋልካ አያብጥም። ለዚህ ነው የከተማ ስም ብቻ ጠርቶ ‹የወልቂጤ አፈር እንዲህ ነው› ማለት የማይቻለው። ቀላል መፈተኛ አለ፤ አፈሩን ማድረቅ፣ ፈጭቶ መንፋት፣ 10 ሚሊ ሊትር ለክቶ ውኃ ባለበት የላብራቶሪ ሲሊንደር ውስጥ መጨመር፣ ከዚያ 24 ሰዓት መጠበቅ። በማግሥቱ 20 ላይ ከደረሰ መቶ በመቶ አብጧል፤ መጠንቀቅ ነው። 12፣ 13 ላይ ከቆመ ብዙም አያሰጋም። ለመጨረሻ ውሳኔ አይበቃም፣ ለመጠርጠር ግን ይበቃል።

አጎት፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ይህ ለነጋዴም ይሠራል። ቡታጅራ ግን ዋልካ አይደለም፤ ይኸው ቆፍረሽ አይተሽዋል።

መሐንዲሷ፦ ወደዚህ ይጠጉና የጉድጓዱን ጎን ይዩት። ከላይ ሁለት ስንዝር ጥቁር አፈር፣ ሥር የወረረው። ከሥሩ ቡናማ፣ ልል፣ በጣት ሲነካ የሚረግፍ። ከዚያ በታች ይህ ነጣ ያለው። አንዱን ይያዙት።

አጎት፦ ድንጋይ ነው? ክብደት የለውም እኮ!

መሐንዲሷ፦ የውኃዬ ክዳን ውስጥ ውኃ አለ፤ እዚያ ይጣሉት።

አጎት፦ ምን ጉድ ነው፣ ተንሳፈፈ!

መሐንዲሷ፦ ፑሚስ ነው፤ እሳተ ገሞራ የተፋው አረፋ ቀዝቅዞ የደረቀ። ፉቲንጉን እዚህ ላይ ሊያሳርፉ ነበር። አሁን የጓሮውን ጉድጓድ ይመልከቱ። ዶማው ሜትር ሳይሞላ ጥቁር ድንጋይ ነክቶ ተመለሰ። ሠራተኞቹ እዚያ ሲደርሱ ‹አለት አገኘን› ብለው ተደሰቱ። እኔ አልተደሰትኩም። ሁለቱም ጥግ ልል ቢሆን ሕንፃው እኩል ይቀመጥ ነበር፤ ሁለቱም አለት ቢሆን ጭራሽ አይቀመጥም። አንዱ ጥግ ቆሞ ሌላው ሁለት ጣት ሲወርድ ነው ቢሙ የሚቆረጠው።

አጎት፦ በአንድ ቦታ ላይ እንዲህ የሚለያየው ለምንድን ነው?

መሐንዲሷ፦ የአገሩ አፈጣጠር ነው። የጉራጌ ተራራ ሁለቱን ከተሞች ለያይቷቸዋል። በምዕራቡ ጎን የሚወርደው ውኃ በዋቤ አድርጎ ወደ ግቤ ይሄዳል፤ ወልቂጤ በዚያ ወገን ናት። በምሥራቁ ጎን የሚወርደው በመቂ ወንዝ አድርጎ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ቡታጅራ እዚህ፣ ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ከደብረ ዘይት እስከ ስልጢ የሚዘልቅ የስብራትና የእሳተ ገሞራ መስመር በአጠገቧ ያልፋል። ያ ቀዩን ስኮሪያ የሚጭኑበት ኮረብታ እኮ ትንሽ እሳተ ገሞራ ነበር። ሐረ ሸይጣን ሐይቅም ቀልጦ የወጣ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ ፈንድቶ የከፈተው ጉድጓድ ነው።

አጎት፦ ልጅ ሆነን ወደዚያ እንዳንጠጋ ያስፈራሩን ነበር።

መሐንዲሷ፦ እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ጎርፍ ከተራራው አሸዋውንም፣ ጭቃውንም፣ ድንጋዩንም እያወረደ ዘመን ሙሉ ሲያነባብር ኖሯል። አንዱ ክረምት ያመጣውን ሌላው ይጠርገዋል፣ አሮጌው ቦይ ተሞልቶ ይጠፋል። የእርስዎ ቦታ በአንድ በኩል ድሮ ቦይ የነበረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቡታጅራን የሚያውቅ ሰው ከፈለጉ ፎቅ የሠራውን ሳይሆን የውኃና የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚቆፍረውን ይጠይቁ። የቱ ሰፈር ስንት ሜትር ላይ ድንጋይ እንደሚገኝ፣ የቱ ላይ ጉድጓዱ እንደሚናድ ያውቃል።

አጎት፦ እኔስ ምን አልኩሽ? አፈሩን ዶማ የያዘ ያውቀዋል።

መሐንዲሷ፦ የቱ ጋ ልቆፍር ብዬ ብጠይቀው በደንብ ይነግረኛል። ስንት ቶን ይችላል ብዬ ብጠይቀው ግን አይነግረኝም። እሱን የሚነግረን ማሽኑ ነው፤ 63 ኪሎ ተኩል የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየወደቀ ዘንጉን ይመታል፣ የመጨረሻውን 30 ሳንቲ ሜትር ለመውረድ ስንት ምት እንደፈጀ ይቆጠራል። አራት አምስት ምት ከሆነ ልል ነው፤ ሃምሳ ከሆነ ደግሞ እጅግ የጠነከረ።

አጎት፦ ይኸው መጣልሽ ወጪ። ይህ ሁሉ ለሦስት ፎቅ?

መሐንዲሷ፦ ምድር ቤቱ ሱቅ ስለሆነ አራት ሜትር ከፍ አድርገውታል፤ በዚያ ላይ ሦስት ፎቅ ሲጨመር 13 ሜትር ይሆናል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከ12 ሜትር በላይ የሆነውን ሕንፃ ምድብ ‹ሐ› ውስጥ ነው ያስገባው፤ ከፋብሪካና ከሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ጋር ማለት ነው፤ ስለዚህ ‹ለሦስት ፎቅ› ብለው አያሳንሱት። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ ስለ ሱቁ ሌላ የማነሳው አለኝ። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ፣ አዲስ አበባ ነበሩ?

አጎት፦ ነበርኩ እንጂ! አልጋው እንደ መኪና ተነቃነቀ። ልጆቹን ይዤ በፒጃማ ነው ደረጃውን የወረድኩት።

መሐንዲሷ፦ መጠኑ 6.0 ነበር፤ መነሻው ፈንታሌ አካባቢ፣ ከአዲስ አበባ ብዙ ርቆ። በዚህ በኩልም ታሪክ አለ። ነሐሴ 1898 ዓ.ም.፣ በምኒልክ ዘመን፣ ላንጋኖ አካባቢ 6.8 የሚገመት ተነሥቶ አዲስ አበባን ሳይቀር አስደንግጧል። ፒየር ጉዌን የሚባሉት ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ቄስ፣ የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙት፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ ዘርዝረውታል። ያኔ እዚህ የነበረው ጎጆ ነው። አሁን ያለው ፎቅ ነው።

አጎት፦ መሠረት እኮ መንቀጥቀጥን አያስቆምም።

መሐንዲሷ፦ አያስቆምም። መሬቱ ግን ያባብሰዋል። መስከረም 1985 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ መነሻው ከዋና ከተማዋ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፈራረሳት። ኮረብታው ላይ ጠንካራ መሬት የያዙት ሰፈሮች ብዙም አልተነኩም፤ የፈረሰው ጥንት ሐይቅ በነበረው ለስላሳ ሸክላ ላይ የተሠራው ነው። ለዚህ ነው አሁን የምንሠራበት የ2015ቱ እ.ኤ.አ. የሕንፃ ደንብ የመሬቱን ዓይነት የሚጠይቀው። የ1995ቱ እ.ኤ.አ. ደንብ፣ ኢቢሲኤስ 8 የሚባለው፣ ለአገሪቱ ከፍተኛው አካባቢ የሰጠው የመሬት ፍጥንጥን ቁጥር 0.10 ነበር፤ አዲሱ 0.20 አድርሶታል። በአሮጌው ቁጥር የተሰላ ፕላን ዛሬም በፍላሽ ይዞራል። እና ሱቅዎ፣ ፊቱ ሁሉ መስታወት፣ ውስጡ ግድግዳ የሌለው፣ ከሁሉም ፎቅ ረዥሙ፣ መሬቱ ሲወዛወዝ መጀመሪያ የሚጎብጠው የእሱ ኮለን ነው።

አጎት፦ ሱቁን ዝጋው ልትይኝ ነው?

መሐንዲሷ፦ አልልም፤ የሚበሉት በእሱ ነው። ከደረጃው ጎን የኮንክሪት ግድግዳ ከመሠረት እስከ ጣሪያ እናወጣለን፣ ፉቲንጎቹንም በሁለቱም አቅጣጫ በቢም እናስራቸዋለን፣ አንዱ ብቻውን እንዳይሸሽ። የመንገዱ በኩል ልል የሆነውን እስከ ጠንካራው ድረስ ማውረድ ከተቻለ እናወርዳለን፤ ካልተቻለ ማት ነው። መሙያው ርካሽ ነው፤ ስኮሪያው በደጃችን አለ። ልኩን ግን ዛሬ አልነግርዎትም።

አጎት፦ ቆይ፣ ይህ ከጎኔ ያለው ባለ አራት ፎቅ አፈሩን አላስመረመረም? የእሱን ሪፖርት ብናይስ?

መሐንዲሷ፦ አስመርምሮ ይሆናል። ሪፖርቱ ለግንባታ ፈቃድ ይገባል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ፋይል ውስጥ ይተኛል። ከእሱ 20 ሜትር ርቆ የሚሠራው ሰው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፣ ወይም እንደ እርስዎ የሳሪሱን ይገለብጣል። እኔን ከዋልካውም ከፑሚሱም በላይ የሚያበሳጨኝ ይኼ ነው። ዞኑ ሲከፈል ፋይሎቹም ተከፋፍለዋል፤ ወልቂጤ ከጉራጌ ዞን ጋር ቀረች፣ ቡታጅራ ምሥራቅ ጉራጌ ሆነች። በየማዘጋጃ ቤቱ ያለው ሪፖርት በካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ ቢሰፍር፣ እዚህ ጥግ ድንጋይ በሁለት ሜትር፣ እዚያ ዋልካ እስከ አራት ሜትር እየተባለ፣ አዲስ የሚሠራው ሰው ማሽን ከማስመጣቱ በፊት ምን እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር። ከወልቂጤ አለፍ ብሎ ጉብሬ ላይ ሲቪል ምህንድስና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ተማሪው ለመመረቂያ ርዕስ ሲፈልግ ይህ ደጁ ላይ ነው።

አጎት፦ መንገድ አዋጥተን የሠራን ሰዎች ለካርታ አናንስም። ሰኞ ማዘጋጃ ቤት እገባለሁ፤ አዲስ አበባ ስመለስም ማኅበራችን ላይ አነሳዋለሁ።

መሐንዲሷ፦ ያንሱት። የራስዎን ሪፖርት ግልባጭም መጀመሪያ ይስጧቸው። ፌሮው ግን ሪፖርቱ ሳይመጣ አይታዘዝ። ለማኅበርተኞችዎ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ፤ መስቀል ላይ ያያችሁትን ቦታ ወዲያው ቀብድ አትክፈሉበት፣ የካቲት ላይ አንድ ቀን ወጥታችሁ ደርቆ እዩት፣ ጉድጓድ ቆፋሪ ጠርታችሁም ሁለት ጥግ አስቆፍሩ።